አየር ኃይላችን መቼ ተወለደ? ለማንስ ይበራል?

ባለፈው እትም ስለ ኢትዮጵያ አየር ኃይል አጀማመር አጭር ነገር ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሰን ጥያቄ ከጠበቅነው በላይ ነው። ሁሉንም ማስተናገድ አልቻልንም፣ አምስቱን መርጠናል። አንዳንዱን ሰፋ አድርገን፣ አንዳንዱን ቶሎ ብለን እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አየር ኃይላችን መቼ ተመሠረተ ብለው ሲጠይቁኝ እቸገራለሁ። አንዱ ጽሑፍ 1921 ይላል፣ ሌላው 1928፣ ሌላው ደግሞ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ይላል። የቱን ልንገራቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ሦስቱንም ይንገሯቸው። ሦስቱም እውነት አላቸው።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1915 ኤደን ሄደው የእንግሊዞችን አውሮፕላኖች አዩ። አይተው ብቻ አልተመለሱም፣ እኔም ልውጣ ብለው በረሩ። ኢትዮጵያን የሚያስተዳድር ሰው ከኢትዮጵያውያን ሁሉ መጀመሪያ ቢበር ደግ ነው የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አውሮፕላን ከልባቸው አልወጣም። ሆኖም የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ፈረንሳዊው አንድሬ ማየ ፖቴዝ 25 የምትባል ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ይዞ አረፈ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አብራሪው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቀመጥባት አውሮፕላን ነበረች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። በዓመቱ አካባቢ ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ፣ ማብረር ቻሉ። የመጀመሪያው ልደት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎችዎ እንዳይደብቁባቸው የምለምንዎት ነገር አለ። ያቺ ፖቴዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጦርነት የተነሣችው በውጭ ወራሪ ላይ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም በተባለ ቦታ፣ በተፈሪ ላይ በተነሡት በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ ነው። መጀመሪያ በራሪ ወረቀት በተነች፣ ራስ ጉግሣን የተከተለ የተወገዘ ይሁን የሚል። ቀጥሎ ቦምብ ጣለች። ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይቶ የማያውቅ ወታደር ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። ይህን ያነሣሁት ኋላ ለሚመጣ አንድ ጥያቄ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሁለተኛው ልደት በ1928 ጦርነት ውስጥ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች በመቶ ሲቆጠሩ የእኛ 20 አይሞሉም ነበር፣ ካሉትም የሚበሩት ጥቂት ናቸው፣ መሣሪያ የያዘ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ያንን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው። የእሱን ነገር ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ ቺካጎ ያለው የበረራ ትምህርት ቤት ነው። በቆዳው ቀለም ምክንያት አንቀበልህም ሲሉት እዚያው በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠረ። እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ፣ ሰሌዳ ላይ የቀረውን ገለበጠ። በመጨረሻ አስገቡት። አሜሪካ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን አግባብተውት በ1927 አዲስ አበባ መጣ። መስከረም 22 ቀን 1928 አድዋ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ከግንባር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር መልእክትና መረጃ ማመላለስ ነበር፣ ያውም መትረየስ በሌለው አውሮፕላን፣ የጠላት ተዋጊ በሞላበት ሰማይ። ደመና ውስጥ እየገባ ነው ያመለጠው።

ሦስተኛው ልደት ከነጻነት በኋላ ነው። ሮቢንሰን በ1936 ተመልሶ መጥቶ ወጣቶቻችንን ማስተማር ጀመረ። በ1946 አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ተከስክሶበት ሕይወቱ አለፈ፣ እዚሁም ተቀበረ። ዛሬ የምናውቀው ቢሾፍቱ ያለው ተቋም ግን የተገነባው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አዛዥ በነበሩበት ዘመን ነው፣ እስከ 1948 ድረስ። እኚህ ሰው በ1928ቱ ጦርነት የስዊድን ቀይ መስቀል አብራሪ ሆነው ቁስለኞቻችንን ያመላለሱ ናቸው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርልዎት፦ አባታቸው በ1910 ለፊንላንድ አንድ አውሮፕላን በስጦታ ሰጥተው የፊንላንድ አየር ኃይል በዚያች አውሮፕላን ተጀመረ። አባትየው አንድ አየር ኃይል አስጀመሩ፣ ልጅየው ሌላ አየር ኃይል አቆሙ። ካውንቱ በመጨረሻም ከእኛ አልራቁም። በ1969 ኦጋዴን ውስጥ ጎዴ ላይ ጥቃት ሲደርስ ተገደሉ።

ስለዚህ መምህር፣ አውሮፕላኑ በ1921 መጣ፣ በጦርነት የተፈተነው በ1928 ነው፣ ትምህርት ቤትና ጥገና ክፍል ያለው ተቋም የሆነው ከነጻነት በኋላ ነው። ፈተና ላይ አንዱን ብቻ ጻፉ ከተባሉ 1921ን እኔ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ቢሾፍቱ፣ ሐረር ሜዳ፣ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እጁ ዘይት ሸቶ ነው ያሳደገን። እናንተ ግን ስለ አየር ኃይል በጻፋችሁ ቁጥር አብራሪ፣ አብራሪ፣ አብራሪ ብቻ። ሌላው ሰው የለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ይቅርታ እንጠይቃለን፣ አባትሽንም ጭምር።

አንድ ተዋጊ አውሮፕላን አንድ ጊዜ ተነሥቶ እስኪያርፍ ከመሬት የሚያገለግለው ሰው ብዙ ነው። የሞተር ሰው አለ፣ የኤሌክትሪክ፣ የራዲዮ፣ የመሣሪያ፣ የፓራሹትና የወንበር፣ የነዳጅ፣ የራዳር፣ የአየር ሁኔታ። አብራሪው መሰላሉን ወጥቶ ሲቀመጥ ቀበቶውን የሚያስርለት ቴክኒሻኑ ነው። ከወንበሩ ሥር ያለውን የማስፈንጠሪያ መሣሪያ የደኅንነት ፒን የሚነቅለውም እሱ ነው። ፒኖቹን ለአብራሪው ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። ሁለቱም ይቆጥራሉ። አንድ ቢጎድል አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም።

ስለ እሴት ብዙ ሰው ጠይቆናልና እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ አየር ኃይል እሴቶቼ ብሎ የጻፋቸው ሦስት ናቸው፦ መጀመሪያ ታማኝነት፣ ከራስ በፊት አገልግሎት፣ በምንሠራው ሁሉ ልቆ መገኘት። የእንግሊዙም መከባበርን ይጨምራል እንጂ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ግድግዳ ላይ ሲነበብ ደረቅ ይመስላል። ጥገና ክፍል ውስጥ ግን ታማኝነት ማለት አንዲት መፍቻ ናት። የመሣሪያ ሳጥን ስታዪ እያንዳንዱ መፍቻ በራሱ ቅርጽ የተቆረጠ ቦታ አለው፣ አንዱ ሲጎድል ባዶው ቦታ ከሩቅ ይታያል። መካኒኩ ማታ ሥራውን ጨርሶ ሳጥኑን ሲያይ አንድ ቦታ ባዶ ነው እንበል። ደክሞታል፣ ቤቱ መሄድ ፈልጓል፣ ማንም አላየውም። መፍቻዋ ሞተር ውስጥ ወድቃ ከሆነ ነገ ጧት ሰው ትገድላለች። ጠፍታብኛለች ብሎ መናገር አለበት፣ ሲናገርም አውሮፕላኑ ይቆማል፣ እስክትገኝ ድረስ ይፈታል። አለቃው ደግሞ እውነቱን የተናገረውን ሰው ማዋረድ የለበትም፣ ካዋረደው የሚቀጥለው ሰው ይደብቃል። አየር ኃይል በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ላይ ነው የቆመው፣ የአባትሽ ዓይነት ሰዎች ላይ።

ጧት ጧት ደግሞ ማኮብኮቢያው ላይ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዝግ ብለው ሲራመዱ ታያለሽ። ጠጠር ነው የሚለቅሙት። ጄት ሞተር አየር ሲስብ ጠጠሩንም ይስባል፣ አንድ ጠጠር የውስጡን ምላጭ ይሰብረዋል። መኮንን ነኝ፣ ቴክኒሻን ነኝ የለም እዚያ ላይ፣ ሁሉም ይለቅማል።

ጥያቄ፦ ሶማሊያ በወረረችን ጊዜ የእሷ ተዋጊ አውሮፕላን ሚግ-21 የእኛን ኤፍ-5 በፍጥነት ይበልጠው ነበር አይደል? ታዲያ እንዴት አሸነፍን?

መልስ፦ አዎ፣ በፍጥነት ይበልጠዋል። ሚግ-21 ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ ይደርሳል፣ የእኛ ኤፍ-5ኢ አንድ ተኩል እጥፉን ትንሽ ያልፋል። የአየር ላይ ውጊያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ፍጥነት አይደረግም። ዞር ዞር ሲባል ፍጥነት ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ የሚያሸንፈው ቶሎ የሚዞረውና ዙሪያውን በደንብ የሚያየው ነው። በዚህ ኤፍ-5ኢ የተሻለ ነበር።

ከአውሮፕላኑ በላይ ግን የሰው ነገር ነው። አብራሪዎቻችን ቀደም ባሉት የአሜሪካ ጄቶች፣ በኤፍ-86 እና በቲ-33፣ ተገርተው፣ ብዙዎቹ አሜሪካ ሠልጥነው የመጡ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የእኛ ኤፍ-86ዎች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምተዋል፣ ከስዊድን አውሮፕላኖች ጎን፤ ትናንት ካስተማሩን ሰዎች ጋር እኩል ተሰልፈው ማለት ነው። ሐምሌ 1969 ጦርነቱ ሲነሣ ያ ሁሉ ልምድ ነበር። የአሜሪካ እርዳታ በዚያው ዓመት ተቋርጦ ስለነበር መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። ጥቂቶቹን ኤፍ-5ዎች በቀን ደጋግመው እንዲነሡ ያደረጓቸው ቴክኒሻኖቹ ናቸው። ከላይ የጻፈችልን እህታችን ይህን ብታነብ ደስ ይለኛል።

ሁለት ስም ሳልጠራ አላልፍም። ጄኔራል ለገሰ ተፈራ በዚያ ጦርነት የጠላት አውሮፕላኖችን የጣሉ ናቸው፣ እሳቸውም ተመትተው በፓራሹት ወረዱና ተማረኩ። ሶማሊያ እስር ቤት ወደ 11 ዓመት ቆይተው በ1980 ነው አገራቸው የተመለሱት። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስም የዚያው ጦርነት ጀግና ናቸው። በኋላ ኤርትራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተማረኩ፣ ሁለተኛው በ1990 ነው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ከራስ በፊት አገልግሎት የሚለውን ቃል ስሰማ ፊቴ ድቅን የሚለው የእሳቸው ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ተማርከው ዓመታት የታሰሩ ሰው ድጋሚ አልበርም ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጀግንነቱን ትጽፋላችሁ፣ ደግ ነው። ሐውዜንንስ? የራሱን ሕዝብ የደበደበ አየር ኃይል እሴት አለው ይባላል?

መልስ፦ አባታችን፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ይከብዳል፣ ግን ከሁሉም በላይ መመለስ ያለበት እሱ ነው።

ሰኔ 15 ቀን 1980 ረቡዕ ነበር። ትግራይ ውስጥ ባለችው ሐውዜን ረቡዕ የገበያ ቀን ነው። ከየአካባቢው እህልና ከብት ይዞ የመጣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር መጡ። ድብደባው አንዴ ተደርጎ አልቆመም፣ ለሰዓታት እየተመላለሱ ነው። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። በዚያ ዘመን ሰሜን ውስጥ ሰው ቀን ገበያ መውጣት ትቶ ማታ ማታ ይገበያይ ነበር፣ አውሮፕላን ፈርቶ። ይህ ጦርነት ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ገበያ ላይ ያለ ሰላማዊ ሰው የጦር ዒላማ አይሆንም፣ ያኔም አይሆንም ነበር፣ ዛሬም አይሆንም። ትእዛዝ ነው የሚለው መልስም አብራሪውን ነጻ አያወጣውም።

በዚያው ተቋም ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1981 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ጦርነቱ ይብቃ ካሉት ጄኔራሎች መካከል የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ነበሩ። ሙከራው ሲከሽፍ ሕይወታቸው አለፈ። የቀድሞው አዛዥ ጄኔራል ፋንታ በላይም ታስረው ተገደሉ። ይህን የምነግርዎት ሐውዜንን ለማካካስ አይደለም። ሐውዜንን የሚያካክስ ነገር የለም። ያው አንድ ተቋም ሁለቱንም ዓይነት ሰው እንደያዘ እንዲታወቅ ነው።

ቀድሜ አንቺምን ያነሣሁትም ለዚህ ነበር። አውሮፕላን ይዘን ገና ዓመት ሳይሞላን በወገን ላይ ጣልንበት። ይህ ጥያቄ እንግዲህ ከተቋሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሕጉ መልስ አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት የአገርን ሉዓላዊነት እንዲጠብቅ፣ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆን፣ ተግባሩንም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን ያዛል። እኔ ስለ እሴት ስጠየቅ የማየው እዚህ ላይ ነው። ጀግንነት በጠላት አውሮፕላን ፊት ይለካል። እሴት የሚለካው ግን ከሥሩ ማን እንዳለ የሚያውቅ አብራሪ ጣቱን ሲይዝ ነው፣ አለቃውም ያንን አብራሪ ሲጠብቀው። የሐውዜን ነገር በየበረራ ትምህርት ቤቱ፣ በየዕጩ መኮንኑ ክፍል በስሙ ተጠርቶ መማሪያ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አየር ኃይል መግባት እፈልጋለሁ፣ እናቴ ግን ጦርነት በሌለ ጊዜ ምን ልትሠሪ ነው ትለኛለች። ምን ልበላት? አሁን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ታናሽ እህቴ፣ ለእናትሽ እንዲህ በያት። የእያንዳንዱ አገር ሰማይ የራሱ ነው፣ ይህም በ1937 ቺካጎ ላይ በተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ተጽፏል። ሰማዩ የራሴ ነው ለማለት ግን ሌሊትም ቀንም የሚያይ ራዳር፣ ከራዳሩ ፊት የሚቀመጥ ሰው፣ ሲጠራ የሚነሣ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ማንነቱ ያልታወቀ አውሮፕላን ገባ እንበል። ተኩስ የመጀመሪያ ነገር አይደለም። በራዲዮ ይጠራል። ካልመለሰ ተዋጊው ቀርቦ ከፊቱ በግራ በኩል ይሆንና ክንፉን ያወዛውዛል። ተከተለኝ ማለቱ ነው። ያኛውም ክንፉን አወዛውዞ ገብቶኛል ይላል። በዓለም ሁሉ ያለ አብራሪ ይህን ቋንቋ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ራዲዮው የተበላሸበት ወይም መንገድ የሳተ መንገደኛ ነው፣ ተመርቶ በሰላም ያርፋል።

ከዚያ ሌላ ቁስለኛ ማንሣት አለ፣ መንገድ በተቆረጠበት ቦታ እህልና መድኃኒት ማድረስ፣ የጠፋ ሰው መፈለግ፣ የምድሩን ጦር ማጓጓዝና መደገፍ። የቀረው ጊዜ ሁሉ ልምምድ ነው። ሥራው በአብዛኛው ትምህርት ነው ብትያት አትዋሺም። የተማረ ሰው በቀላሉ እንደማይተካም ንገሪያት። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የቀድሞው አየር ኃይል ተበተነ፣ አንዳንዱ አውሮፕላኑን ይዞ ጎረቤት አገር ገባ፣ አንዳንዱ ታሰረ፣ ሌላው የሆነ ያልሆነ ሥራ ውስጥ ገባ። በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ከእነዚያው ብዙዎቹ ናቸው ኑ ተብለው የተጠሩት።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጀምሪ፣ ከእንግሊዝኛም አትራቂ፣ የበረራ ቋንቋ እሱ ነውና። ሰውነትሽንም አዘጋጂው። ተዋጊ አውሮፕላን በኃይል ሲዞር ክብደትሽ ስድስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ 55 ኪሎ ብትሆኚ 330 ኪሎ ማለት ነው። ደም ከራስ ወደ እግር ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጨልማል። አብራሪዎች እግርና ሆድን የሚጨምቅ ልዩ ሱሪ ይለብሳሉ፣ እግራቸውንና ሆዳቸውን ወጥረው ትንፋሻቸውን በየሦስት ሰከንዱ ቆረጥ ያደርጋሉ። ዛሬ ማታ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ሞክሪው። እግርሽን ወለሉ ላይ ተጫኚ፣ ሆድሽን አጥብቂ፣ አየር ስበሽ ያዢ፣ ሦስት ቁጠሪ፣ ቶሎ አውጥተሽ ቶሎ ሳቢ። አምስቴ ስትደግሚው ላብ ይመጣል። የማብረር ፍላጎት ከሌለሽም አትጨነቂ፣ ራዳሩም፣ ሞተሩም፣ የመሣሪያ ሳጥኑም ሰው ይፈልጋል።